2147483647ን በእርሳስ

ቀን 1

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። 2147483647 ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው መሆኑን በእጄ ማረጋገጥ። በእጄ ስል በእርሳስና በባለ ካሬ ደብተር ማለቴ ነው። ኮምፒውተርማ ብጠይቀው ወዲያው "አዎ" ይለኛል። እሺ፣ ግን እኔ አላየሁትም።

ቁጥሩ ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። በአጭሩ 2³¹ − 1። 31 ሁለቶችን አባዝቶ አንድ መቀነስ። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በመርሰን ስም ይጠራሉ። ሰውየው ስንት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ብቸኛ እንደሚሰጥ በ1644 ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ 31 በትክክል ገብቷል፣ 67 እና 257 በስህተት ገብተዋል፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ አምልጠውታል። ከእሱ በፊት ጣሊያናዊው የሒሳብ ሰው ካታልዲ 23፣ 29፣ 31 እና 37 ሁሉም ብቸኛ ይሰጣሉ ብሎ ነበር። የተሳካለት በ31 ብቻ ነው። 31 ላይ እውነቱን ተናገሩ እንጂ ማስረጃ ያቀረበው ኦይለር ነው፣ በ1772፣ ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ።

የሁላችንም የትምህርት ቤት ዘዴ ይታወቃል። እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል። ስኩዌር ሩቱ 46340.95 ገደማ ነው። ከዚያ በታች 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በቀን 50 ብሠራ ከሦስት ወር በላይ። አይሆንም።

ቀን 2

ዛሬ ምንም አላካፈልኩም። ሥራውን የሚያሳንስ ነገር ስፈልግ ዋልኩ።

አካፋይ አለው እንበል። ብቸኛ የሆነ አካፋይ፣ ስሙን ቀ እንበለው። እንግዲያው 2³¹ በቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። የፌርማ ትንሹ ቴዎረም ደግሞ 2 ወደ ቀ − 1 ርቢ ሲወጣም ቀሪው 1 ነው ይላል። ቀሪ 1 የሚሰጠው ትንሹ ርቢ ሁለቱንም፣ 31ንም ቀ − 1ንም፣ እኩል ማካፈል አለበት። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ምርጫው 1 ወይም 31 ነው፤ 1 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ 31 ቀ − 1ን ያካፍላል። ቀ ጎዶሎ ነውና ቀ − 1 ለሁለትም ይካፈላል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ማንኛውም አካፋይ የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት።

ይሄን ካነበብኩት በኋላ እውነት መሆኑን ለማየት በትንንሾቹ ሞከርኩት። 2¹¹ − 1 = 2047 = 23 × 89። 23 ማለት 22 ሲደመር 1፣ 89 ማለት 88 ሲደመር 1። ይሠራል። 2²³ − 1 = 8388607 ደግሞ በ47 ይካፈላል፤ 46 ሲደመር 1። አንድ አካፋይ እንኳ ከመስመር አይወጣም። ደስ ይላል።

ከ46340 በታች እንዲህ ያሉት 747 ናቸው። ሦስት ወሩ ወደ ሁለት ሳምንት ወረደ።

ቀን 3

ገና ይወርዳል። 2³¹ ቀሪው 1 ከሆነ፣ አንዴ በ2 ስናባዛው 2³² ቀሪው 2 ይሆናል። 2³² ግን የ2¹⁶ ስኩዌር ነው፤ የ65536 ማለት ነው። ስለዚህ በቀ ዓለም ውስጥ፣ ማለትም በቀ ሲካፈል የሚተርፈውን ቀሪ ብቻ ስናይ፣ 2 ስኩዌር ሩት አለው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ቀ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ሲሆን ብቻ ነው። 3 እና 5 ወደቁ።

ሁለቱን ማጣሪያዎች አንድ ላይ ሳደርጋቸው እጩዎቹ ሁለት ዓይነት ብቻ ሆኑ፦ የ248 ብዜት ሲደመር 1፣ ወይም የ248 ብዜት ሲደመር 63። ቆጠርኩ። 63 ራሱን ከጣልኩ በኋላ 372። የኦይለርም ሥራ ከዚህ ቁጥር አያልፍም ነበር። እሱ በ1772 ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ መነጽሬን ጠርጌ፣ ባለ ካሬ ደብተር ይዤ አለቃቅሳለሁ።

372ቱን በሁለት ዓምድ ጻፍኳቸው። 249፣ 497፣ 745 እያለ የሚወርድ አንድ፤ 311፣ 559፣ 807 እያለ የሚወርድ ሌላ። ከነሱ ውስጥ ራሳቸው ብቸኛ ያልሆኑትን መሰረዝ ይቻላል። በ3፣ በ5 እና በ7 የሚካፈሉት ሲወጡ ብቻ ከግማሽ በላይ ወደቁ። በሁለተኛው ዓምድ ስምንተኛው መስመር ላይ ማን ቢገኝ ጥሩ ነው? 2047። የትናንቱ። 23 × 89 መሆኑን ስለማውቅ ሳልፈትሽ ሰረዝኩት።

ቀን 4

ስረዛው ግማሽ ቀን ፈጀ። የተረፉት መቶ እንኳ አይሞሉም።

አሁን ማካፈሉ። አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በረጅሙ ማካፈል ይቻላል፣ ግን ይሰለቻል። ማወቅ የምፈልገው ድርሻውን አይደለም፣ ቀሪውን ነው። ቀሪውን በአቋራጭ ማግኘት ይቻላል። 31 ማለት 15 እጥፍ ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ የ2¹⁵ን ቀሪ ካወቅኩ፣ እሱን ስኩዌር አድርጌ በ2 ሳባዛው 2³¹ን አገኛለሁ። 2¹⁵ ደግሞ 32768 ነው፤ ማንም ያውቀዋል።

የመጀመሪያው እጩ 311።

32768 ውስጥ 311 ስንት ጊዜ ይገባል? 105 ጊዜ፣ 32655። ቀሪ 113።
113 ሲባዛ በ113፣ 12769። እጥፉ 25538።
25538 ውስጥ 82 ጊዜ፣ 25502። ቀሪ 36።

ቀሪው 1 ቢሆን ኖሮ 311 አካፋይ ነበር። 36 ነው። ወደቀ። ሦስት መስመር ብቻ! ለማመን ያህል በረጅሙም አካፈልኩት፤ እዚያም 36።

ቀን 5

ማታ ተኝቼ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ዘዴ ሁልጊዜ "አይደለም" ቢለኝ፣ "ነው" ማለት እንደሚችል በምን አውቃለሁ? አካፋይ ቢመጣ የሚያልፈው ከሆነስ?

ስለዚህ መልሱ የሚታወቅ ቁጥር ላይ ፈተንኩት። 2²⁹ − 1 = 536870911። ይሄ ካታልዲ ብቸኛ ነው ብሎ የተሳሳተበት ነው፤ 233 × 1103 × 2089 ነው። በ233 ልሞክር። 29 ማለት 14 እጥፍ ሲደመር 1፣ 14 ደግሞ 7 እጥፍ።

2⁷ = 128። ስኩዌሩ 16384። 233 ሰባ ጊዜ 16310። ቀሪ 74።
74 ሲባዛ በ74፣ 5476። እጥፉ 10952። 233 አርባ ሰባት ጊዜ 10951። ቀሪ 1።

1! እርሳሴን አስቀመጥኩ። አካፋይ ሲመጣ መልኩ ይሄን ይመስላል ማለት ነው። አሁን ወደ ሥራዬ።

ቀን 6

የተረገመ ቀን።

አዲስ ገጽ ከፍቼ 2¹⁵ን ከላይ በትልቁ ጻፍኩ። በየጊዜው ወደ ኋላ ገጽ እንዳላገላብጥ ብዬ። 1303፣ 1489፣ 2543፣ 2729፣ 2791። አምስቱንም በአንድ ሰዓት ጨረስኩ። ከዚያ ለወጉ ያህል 2³¹ን በ1303 በረጅሙ አካፈልኩት። ድርሻ 1648107፣ ቀሪ 227። በአቋራጩ ያገኘሁት ግን 438 ነበር።

ረጅሙን ነው የጠረጠርኩት። ደገምኩት፤ 227። ሦስተኛ ደገምኩት፤ 227። ከዚያ አቋራጩን በየመስመሩ ፈተሽኩ። ማባዛቱ ልክ ነው። መቀነሱ ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው፣ መልሱ ብቻ ልክ አይደለም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይኔ ወደ ገጹ አናት ሄደ። 32786። ሁለቱን አሃዞች አቀያይሬ ነው የጻፍኩት። በትልቁ፣ አስምሬበት ጭምር።

አምስቱም ወደ ቅርጫት። ከዛሬ ጀምሮ በየገጹ መጀመሪያ ላይ አንዱን እጩ በሁለቱም መንገድ እሠራለሁ።

ቀን 7

አምስቱን ደገምኳቸው። 1303 አሁን 227 ሰጠኝ፣ በሁለቱም መንገድ።

ከሁሉ የወደድኩት 1489ን ነው። ሃያ ሁለት ጊዜ 32758፤ ከ32768 ሲቀነስ ቀሪ 10። አሥር ብቻ። ስኩዌሩ 100፣ እጥፉ 200፣ አለቀ። 2729ም ለሰነፍ የተሠራ ነው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ 32748፣ ቀሪ 20፣ ስኩዌሩ 400፣ እጥፉ 800። ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ጨረስኳቸው። ከዚያ 2543 እና 2791 መጡና ወደ ምድር መለሱኝ።

አንድ ትንሽ ዘዴ ተማርኩ። ቀሪው ከቀ ግማሽ በላይ ከሆነ፣ ከቀ ላይ ቀንሼ በትንሹ እሠራለሁ። ስኩዌር ሲደረግ ሲደመርና ሲቀነስ አንድ ነው። በ2543 ቀሪው 2252 ነበር፤ በእሱ ፈንታ 291ን ስኩዌር አደረግኩ። 84681፣ እጥፉ 169362፣ ቀሪ 1524።

ቀን 8 እስከ 13

የሚጻፍ ነገር የለም። በቀን አሥራ ምናምን እጩ። ከ32768 የሚበልጡት ጋ ስደርስ የመጀመሪያው መስመር ይቀራል፤ 32768 ራሱ ቀሪ ነው። ግን ስኩዌሮቹ ይከብዳሉ።

እጄ ይሠራል፣ ሐሳቤ ይዞራል። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ ቁጥር ስለሚወጣው ፍጹም ቁጥር (ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ) ጽፎ ነበር፤ 2³⁰ ሲባዛ በ2³¹ − 1፣ ማለትም 2305843008139952128። ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም አለ። ምክንያቱ አለመቻል አይደለም፤ ጥቅም ስለሌለው ማንም አይደክምበትም ብሎ ነው። ሰው ለማይጠቅመው ነገር ምን ያህል እንደሚደክም ግን አላወቀም። በ2024 የተገኘው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 41,024,320 አሃዝ አለው።

ቀን 14

መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ከዓምዶቹ ግርጌ ሦስት ቁጥሮች ቀርተዋል። 46191 አሃዞቹ ተደምረው 21፤ በ3 ይካፈላል፣ ይውጣ። 46129 ግን አስለፋኝ። በ7 እምቢ፣ በ11 እምቢ፣ በ13 እምቢ፣ እንዲህ እያለ እስከ 157 እምቢ። ብቸኛ ነው ብዬ ልሠራበት ስል 163 ላይ ተከፈተ፦ 163 × 283። ይህን ሁሉ ከምለፋ ዝም ብዬ 2³¹ን ባካፍለው ይሻል ነበር፤ ሦስት መስመር ነው።

የመጨረሻው እውነተኛ እጩ 45943።

45943 ሲቀነስ 32768፣ 13175።
ስኩዌሩ 173580625። እጥፉ 347161250።
7556 ጊዜ 347145308። ቀሪ 15942።

1 አይደለም። አለቀ። 2147483647 አካፋይ የለውም። ለአንድ ደቂቃ ያህል ደብተሩን ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ቀሪዎቹን ሁሉ እንደገና በዓይኔ አለፍኳቸው፣ የሆነ ቦታ 1 ተደብቆ ከሆነ ብዬ። የለም።

ቀን 16

አንድ ቀን ካረፍኩ በኋላ ሌላውን መንገድ መሞከር አማረኝ። ሉካስ በ19ኛው መቶ ዘመን ያመጣው፣ ሌመር በ20ኛው ያሳመረው ፈተና። ምንም አካፋይ አይፈልግም። ከ4 ይጀመራል። ስኩዌር፣ ሲቀነስ 2፣ ከዚያ በቁጥሩ ተካፍሎ ቀሪው። ርቢው 31 ከሆነ ይህ 29 ጊዜ ይደገማል። መጨረሻው 0 ከሆነ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

በ127 ላይ፣ ማለትም በ2⁷ − 1፣ አምስት እርምጃ ነው፦ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። የመጨረሻዋ እርምጃ ታምራለች። 111 ሲባዛ በ111 ሲቀነስ 2፣ 12319፤ እሱም ልክ 97 ጊዜ 127።

ለትልቁ በሲ ቋንቋ አሥር መስመር ኮድ ጻፍኩ። እርሳሱ ሥራውን ጨርሷልና ይሄ ማጭበርበር አይደለም። 4፣ 14፣ 194፣ 37634፣ 1416317954 አለኝ። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቆሻሻ ነው፣ ኔጋቲቭ ሳይቀር። መጨረሻው 0 አይደለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጄ የሠራሁትን አንድ አሥር መስመር ኮድ ውሸት ነው አለኝ!

ጥፋቱን ሳገኘው ሳቅኩ። ተራ ኢንቲጀር ነበር የተጠቀምኩት፣ 32 ቢት። 32 ቢት ኢንቲጀር የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ስንት ነው? 2147483647። የምፈትነው ቁጥር የሳጥኑ ግድግዳ ነው። 1416317954ን ስኩዌር ሳደርግ ሳጥኑ ሞልቶ ፈሰሰ። በ32 ቢት ሰዓት የሚቆጥሩ አሮጌ ኮምፒውተሮችም በጃንዋሪ 19፣ 2038 ይህንኑ ግድግዳ ነው የሚገጩት።

ቀን 17

ኮዱን ወደ 64 ቢት ከመቀየሬ በፊት ያቺን የተበላሸችውን እርምጃ በእጄ ልሥራት አልኩ። ቂም ይዤባታለሁ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን ማሳነስ። 2147483647 ሲቀነስ 1416317954፣ 731165693። ስኩዌሩ 534603270620170249። ይሄ አንድ ገጽ ሙሉ ወሰደ፤ ሁለቴ ሠራሁት።

ማካፈሉ ግን ቀላል ነው። 2³¹ በቁጥራችን ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ማንኛውንም ቁጥር በ2³¹ ከፍሎ ድርሻውንና ቀሪውን መደመር ይበቃል። ለ9 አሃዞችን እንደምንደምረው ማለት ነው። ድርሻው 248944047፣ ቀሪው 420726793። ድምሩ 669670840፣ ሲቀነስ 2፣ 669670838።

የተስተካከለውን ኮድ አስነሳሁት። አምስተኛው እርምጃ፦ 669670838። ታርቀናል።

ቀሪዎቹ ወረዱ። የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች 1181536708፣ 65536፣ 0።

0ውን ጠብቄው ነበር። 65536ን ግን አልጠበቅኩትም። ይሄ የቀን 3ቱ 2¹⁶ አይደለም እንዴ? ነው። ስኩዌሩ 2³²፣ ሲቀነስ 2፣ ያም የ2³¹ − 1 እጥፍ። ስለዚህ ዜሮ። እዚያ እጩዎቼን በግማሽ የቀነሰልኝ ያው የ2 ስኩዌር ሩት፣ እዚህ ከዜሮ አንድ እርምጃ በፊት ቆሞ ጠበቀኝ። በ127ም ተመልሼ አየሁ። ከ0 በፊት የነበረው 111 ነው፤ ከ127 ሲቀነስ 16፣ የ16 ስኩዌር 256፣ ሲቀነስ 2፣ 254። የ127 እጥፍ። ምልክቱ ተገለበጠ እንጂ ያው ነው።

ቀን 19

ብቸኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ዘንድ ጠባዩን ልይ አልኩ። በዚህ ቁጥር ዓለም ውስጥ በ2 ማባዛት በጣም ሰነፍ ሥራ ነው። በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ፣ 31ዱን አሃዞች (ቢቶች) አንድ ቦታ ማዞር ብቻ ነው። በትንሹ ወንድሙ በ31 ብናየው፣ 22 ማለት 10110 ነው፤ እጥፉ 44፣ ሲቀነስ 31፣ 13፣ ማለትም 01101። ፊተኛው አሃዝ ከኋላ ሄዶ ተሰለፈ። ስለዚህ 2 ከ31 ዙር በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለት ቢሊዮን ቤት ያለበት ከተማ ውስጥ 31 ቤት ብቻ ያንኳኳል።

7 ግን ሌላ ነው። 7 ሁሉንም 2147483646 ቤቶች ሳይዘል ያዳርሳል። ይህን ለማየት አንድ ሲቀነስለት የሚገኘው ቁጥር መበተን አለበት፦ 2 × 3² × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። ለሰባቱም ብቸኛ አካፋዮች አንድ በአንድ ፈተንኩ፤ 7 በአንዳቸውም አቋራጭ ወደ 1 አይመለስም። 5 ከዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ 7⁵ም፣ ማለትም 16807ም፣ ያው ጠባይ አለው። በ16807 እያባዙ የዘፈቀደ ቁጥር ማውጣት ከዚህ የመጣ ነው። ከ1 ተነስቼ አስኬድኩት፦ 16807፣ 282475249፣ 1622650073። አሥር ሺኛው 1043618065 መሆን አለበት ይባላል። ሆነ።

ቀን 20

መርሰን ያመለጠውን 61ን አየሁት። 2⁶¹ − 1 = 2305843009213693951። በመጀመሪያው መንገድ ብሄድ እጩዎቹ ስድስት ሚሊዮን ይበልጣሉ። በእርሳስ አይታሰብም። በሉካስ መንገድ ግን 59 እርምጃ ነው። ፔርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ ቄስ በ1883 ብቸኛ መሆኑን አሳይቷል፣ ያለ ምንም ማሽን።

ደብተሩ ላይ ጥቂት ገጾች ቀርተዋል። 4፣ 14፣ 194፣ 37634፣ 1416317954 አሉኝ፤ ለየትኛውም ርቢ አጀማመሩ አንድ ነው። የሚቀጥለው 2005956546822746114። ገና ከቁጥሩ በታች ስለሆነ ምንም አይቀነስም። ከዚህ በኋላ ባለው መስመር ላይ 19 አሃዝ በ19 አሃዝ ማባዛት ይመጣል። እርሳሱን ቀርጫለሁ።